ልጄ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው

ሰምሃል ፀሃዬ የእናቷን ድምፅ የሰማችው ታክሲ ውስጥ ነው። ሰኞ ጠዋት ነበር። ከጎተራ ተሳፍራ ካዛንቺስ ወደሚገኘው መሥሪያ ቤቷ ስትሄድ፣ ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ላይ በሁለት ሰው መሀል ተጣብቃ ተቀምጣለች። ሬዲዮው ክፍት ነው። ከተወሰኑ ሳምንታት ወዲህ በየጠዋቱ አንድ አዲስ ልብ ወለድ የሚተርክ ፕሮግራም ነበር፤ የዕለቱ ትረካ ሲያበቃ አዘጋጁ የስልክ መስመሩን ይከፍትና ሕዝቡ ስለ ትዳር ይከራከራል። ሰምሃል ፕሮግራሙን አትወደውም። ግን የሚከፍተው ታክሲ ብዙ ነው፤ መርጦ መሳፈር አይቻልም።

መጽሐፉ ሰናይት ስለምትባል ሴት ነው። ሰናይት ቆንጆ ናት፣ የተማረች ናት፣ የመጣላትን ሁሉ ስታማርጥ ዕድሜዋ ይሄዳል። አድማጩ መጨረሻዋን ገና አልሰማም፤ ደግ እንደማይሆን ግን ሁሉም ገምቷል።

«ሄሎ አድማጫችን፣ ማን እንበል?» አለ አዘጋጁ።

«ስሜ ይቅርብኝ ልጄ። ከቂርቆስ ነው የምደውለው።»

ሰምሃል ከስልኳ ላይ ቀና አለች።

«ልጄ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው» አለ ድምፁ። «የተማረች ናት። ሥራ አላት። ጠባይዋም ክፉ አይደለም። አንድ ጊዜ ታጭታ ነበር፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ እሷው ራሷ አፈረሰችው። ለምን ስላት አትነግረኝም። አሁን ደግሞ ለብቻዋ ቤት ተከራይታ ወጥታለች። ይቺን ሰናይት የምትሏትን ልጅ በሰማሁ ቁጥር የምትታየኝ የኔዋ ናት። ምግብ አልበላልህ አለኝ። እባክህ ልጄ፣ ደራሲው እዚያ ካለ፣ መጨረሻዋን አስቀድሞ ይንገረኝ።»

ድምፁ እዚህ ላይ ተሰበረ። አዘጋጁም ቶሎ ብሎ ማስታወቂያ አስገባ።

«እውነታቸውን ነው» አለ ከሰምሃል ጎን የተቀመጠው፣ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ። «የዘንድሮ ሴት ዲግሪ ከያዘች ወንድ አይታያትም።»

«የሚታይ ወንድ የት አለና?» አለች ከኋላ አንዲት ወጣት። ታክሲው በሳቅ ሞላ።

«እኔ አለሁላት! ስልኳን ብቻ አምጡልኝ!» አለ ረዳቱ በሩን እንደያዘ።

«እኔን የገረመኝ ለብቻዋ መውጣቷ ነው» አሉ ዘንቢል የያዙ ሴት። «እናቷን ጥላ! እዚያ ምን አገኝ ብላ ነው?»

«ሰላም ትሆናለች የፈለገችው» አለች ወጣቷ።

«ምን ያለ ሰላም?»

ባለክራቫቱ ወደ ሰምሃል ዞረ። «አንቺስ እህቴ፣ ምን ትያለሽ?»

«ወራጅ አለ!» አለች ሰምሃል።

መስቀል አደባባይ ላይ ወረደች። የቀረውን መንገድ፣ ያን ሁሉ አቀበት፣ በእግሯ ሄደችው። ቢሮ ስትደርስ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ሰምሃል ተወልዳ ያደገችው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ቤቶቹ ተደጋግፈው በቆሙበት ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። አባቷ አቶ ፀሃዬ የመኪና መለዋወጫ ይሸጡ ነበር፤ እሷ ዩኒቨርሲቲ እያለች አረፉ። እናቷ ወይዘሮ ለተገብርኤል ልጃቸውን ብቻቸውን አስተምረው አስመረቁና የቀረውን አንድ ነገር መጠበቅ ጀመሩ። ያም ነገር ሊሆን ተቃርቦ ነበር። ተስፋለም የሚባል የባንክ ሠራተኛ መጣ፤ ቤተሰቡ የሚታወቅ፣ የማይጠጣ፣ እናቷን ገና ከመጀመሪያው ቀን እንደ ልጅ «አደይ» ብሎ የጠራ ሰው። አዳራሽ ከተያዘ በኋላ ሰምሃል አልፈልግም አለች። ሌላ ወንድ አልነበራትም። እሱም ያጠፋው ነገር የለም። ሰፈሩን ግራ ያጋባው ይኸው ነው። ከሁለት አንዳቸው ጥፋት ቢገኝባቸው ወሬው ሁለት ሳምንት ተወርቶ ያልቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። ሥራ ቀያየረች። ከእናቷ ቤት ወጥታ መጀመሪያ መስቀል ፍላወር፣ ቀጥሎም ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራየች። ቅዳሜና እሑድ ቤት መዋል አትችልም። ጫማዋን አድርጋ ትወጣና ከተማውን ስታቋርጥ ትውላለች። የት ነበርሽ ሲሏት የምትለው የላትም፤ የትም አልነበረችምና።

የዚያን ቀን ጠዋት ቢሮ ስትገባ የሥራ ባልደረባዋ ኢኽላስ ስልኳ ላይ ተደፍታለች። መሥሪያ ቤታቸው ከጅቡቲ ለሚገባ ዕቃ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽም ትንሽ የትራንዚት ድርጅት ነው፤ ሰምሃል እዚያ ከገባች ወዲህ ሁለቱ የሚቀመጡት ጎን ለጎን ነው። ኢኽላስ ሂጃቧን እያስተካከለች ስልኩን ወደ ሰምሃል ገፋችው።

«ይሄን አየሽ? ገና አሁን ነው የተለቀቀው። አንጀቴን ነው የበላችው ሴትዮዋ።»

የሬዲዮው ድምፅ ቲክቶክ ላይ ወጥቷል። ከሥሩ የሚያስለቅስ ሙዚቃ ገብቶበታል፤ «የእናት እንባ» የሚል ርዕስም ተሰጥቶታል።

«እናቴ ናት» አለች ሰምሃል።

ኢኽላስ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። «ወላሂ በይኝ!»

«ታክሲ ውስጥ ሰማኋት። ሰዉ ሁሉ ሲፈርድብኝ መሀሉ ተቀምጬ።»

ኢኽላስ ትንሽ አሰበችና፣ ሰምሃል አትክፈቺው ብትላትም፣ ከሥር የተጻፈውን አስተያየት ማንበብ ጀመረች። አንዱ «ትዕቢት ነው፣ ታየዋለች» ብሏል። ሌላዋ «ጀግና ነሽ እህቴ፣ ማንንም እንዳትሰሚ፣ ባል ማለት እስር ቤት ነው» ብላለች። አንዱ ሐኪም ነኝ ብሎ ስለ መውለጃ ዕድሜ ረጅም ትምህርት ሰጥቷል። አንዱ ደግሞ ያለ ምንም ማብራሪያ ቁመቱን ጽፏል።

«ጀግና ነሽ ያለችሽ ትሻላለች» አለች ኢኽላስ።

«እሷም አታውቀኝም። ማንን አሸንፌ ነው ጀግና የሆንኩት?»

ሰምሃል ተነሳች፤ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እንደገና ተነሳች።

«ቁጭ በይ እንጂ፣ አዞርሽኝ» አለች ኢኽላስ። «ስሚ፣ እኔ ሳገባ ሰው ወሬውን የሚያቆም መስሎኝ ነበር። ከዚያ 'አልወለደችም' አሉ። ወለድኩ። 'ሴት ብቻ ናቸው' አሉ። ወንድ ሲመጣ ደግሞ 'እሷ ቢሮ ትውላለች፣ ልጆቹን ማን ያሳድጋቸው' አሉ። ማለቴ፣ ማቆሚያ የለውም በቃ።»

«አንቺ ግን ባልሽን ትወጂዋለሽ።»

«ኑሪን? እወደዋለሁ» አለች ኢኽላስ፤ ፈገግታዋ አመለጣት። «እሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚያ ሬዲዮ ላይ ማንም አይደውልም።»

ከሥራ እንደወጣች ሰምሃል በቀጥታ ወደ ቂርቆስ ሄደች። ወይዘሮ ለተገብርኤል በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነበር።

«ሰማሽኝ?» አሉ፣ ልጃቸው ገና ከግቢው በር ሳታልፍ።

«ታክሲ ሙሉ ሰው ሰማሽ፣ አደይ።»

«ስምሽን አልጠራሁም።»

«ቂርቆስ አልሽ፤ ሠላሳ ሰባት አልሽ፤ ራሷ አፈረሰችው አልሽ። ከስሜ በቀር ምን አስቀረሽ?»

«ታዲያ ለማን ልናገር?» አሉ እናቷ ቢላዋውን አስቀምጠው። «ላንቺ? ላንቺ ስናገር ተነስተሽ ትሄጃለሽ። ይኸው አሁንም እንደቆምሽ ነሽ።»

እውነትም ቆማ ነበር። ሰምሃል በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ድሮ ማኅበር ስሄድ 'የሰምሃል ሰርግ መቼ ነው?' ይሉኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ ለተገብርኤል። «ያን ጊዜ ያበሳጨኝ ነበር። አሁን ማንም አይጠይቀኝም። የሀብትነሽ ልጅ ልታገባ ነው፤ ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ሚዜው ያወራሉ። እኔ ስገባ ጨዋታ ይቀይራሉ፤ ቤት ውስጥ በሽተኛ አስተኝቼ እንደመጣሁ ሁሉ። ለምን ታዝኑልኛላችሁ ብዬ እንዳልጠይቅ ምንም አላሉኝ።»

ሰምሃል በርጩማዋን ወደ እናቷ አስጠጋች። ተዘጋጅታ የመጣችው ለቁጣ ነበር። እናቷም የቀረውን ተናገሩ፤ ከሬዲዮ ጣቢያው ደውለውላቸዋል። የመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ ደራሲው ራሱ ቅዳሜ ከሰዓት ካዛንቺስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ያነበዋል፤ ውይይትም አለ፤ እሳቸውም በክብር ተጋብዘዋል።

«አትሄጂም» አለች ሰምሃል።

«እሄዳለሁ። መጨረሻዋን መስማት አለብኝ።»

«ልብ ወለድ እኮ ነው አደይ! ሰውዬው ቁጭ ብሎ የፈጠራት ናት!»

«ቢሆንስ» አሉ ወይዘሮ ለተገብርኤል፣ ሽንኩርታቸውን መልሰው እያነሱ።

ቅዳሜ ሰምሃል አልሄድም ብላ ወስና ነበር። ከሰዓት ላይ ጫማዋን አጥልቃ እንደ ልማዷ ወጣች፤ ስታዲየም፣ ከዚያ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ ሽቅብ፣ ሳታስበው ካዛንቺስ ደረሰች። በልጅነቷ ከአባቷ ጋር የምታውቃቸው ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል፤ ሆቴሉን ለማግኘት ሰው መጠየቅ ነበረባት። ስትገባ አዳራሹ ሞልቷል። በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እናቷ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል።

ደራሲው ታዲዎስ ይባላል፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ሰናይት ዕድሜዋ ገፍቶ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ለብቻዋ ሞተች። አስከሬኗን ያገኘው በሦስተኛው ቀን በሩን ሰብሮ የገባው አከራይዋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሲኒ ተደርድሮ ነበር፤ አንዱ አልተነካም። ታዲዎስ መጽሐፉን ሲከድን አዳራሹ በረጅሙ ተነፈሰ። ሴቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። ሰምሃል ተበሳጨች፤ በሁለቱ ሲኒ ምክንያት እሷም እንባ እንባ ብሏት ስለነበር ይበልጥ ተበሳጨች።

ከመድረኩ ላይ ሂባ የምትባል ወጣት ጠበቃ ማይክ ተቀበለች። «አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «በመጽሐፎቻችን ውስጥ ያላገባች ሴት ለምንድን ነው ወይ የምታብደው፣ ወይ የምትመንነው፣ ወይ የምትሞተው? ለኔ ሰናይት ጀግና ናት። የመረጠችውን ኖራለች። ከተማችን በብዙ ሰናይቶች ተሞልታለች፤ ሊታዘንላቸው ሳይሆን ሊጨበጨብላቸው ይገባል!»

ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። ከሌላው ግማሽ መሀል አንድ ሰው ተነስቶ «ልጆቻችንን ያበላሻችኋቸው እናንተ ናችሁ!» አለ። ጫጫታ ሆነ። ሰምሃል አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው አየች። ሁለቱም ወገኖች የሚጣሉት በእሷ ነበር፤ ግን በየትኛቸውም አፍ ውስጥ ራሷን አላገኘችም።

አዘጋጁ ጫጫታውን ለማብረድ ወይዘሮ ለተገብርኤልን ወደ መድረክ ጠራ። «ከቂርቆስ የደወሉልን እናት ዛሬ እዚህ ናቸው» ሲል ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። ወንበር ተሰጣቸው፤ አልተቀመጡም።

«እናታችን፣ መጨረሻውን ሰሙት። ምን ተሰማዎት?»

ወይዘሮ ለተገብርኤል ወደ ደራሲው ዞሩ። «ለምን ገደሏት?» አሉ።

አንዳንዱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሥራ ቦታ ጓደኞች ነበሯት ብለው ነበር፤ በየጠዋቱ ስሰማ ነበር። አንድ ወንድምም ነበራት። እነሱ የት ሄዱ? ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ሰው በር አላንኳኳም? እኔ ልጄ ታግባ አልኩ እንጂ... ካላገባች ትሙት አልኩ?» ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ፤ አክብሮቱም ተረሳ። «አንተ፣ ደህና አድርገህ ስታኖራት ቆይተህ፣ መጨረሻው ላይ ምን ነካህ?»

ታዲዎስ ለመቆጣት አልሞከረም። መነጽሩን አውልቆ ትንሽ ያዘው። «እናቴ፣ መጀመሪያ ስጽፈው አልሞተችም ነበር» አለ። «ትኖራለች፣ በቃ። መጽሐፉ ሥራ ልትሄድ በሯን ስትቆልፍ ያልቃል። ያነበቡልኝ ሰዎች ሁሉ ግን 'አላለቀም' አሉኝ። 'ወይ አጋባት፣ ወይ ግደላት፤ እንዲህ ተንጠልጥላ አትቀርም' አሉ። እኔም ልክ መሰሉኝ። አሁንም ልክ ይመስሉኛል፤ ባትሞት ኖሮ ይሄ ሁሉ ሰው ዛሬ እዚህ አይመጣም ነበር።»

ወይዘሮ ለተገብርኤል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መልሱ አልዋጥ ብሏቸዋል። አዘጋጁ ግን አጋጣሚውን አላሳለፈውም። «እስቲ እናታችን፣ ልጅዎ አሁን ብትሰማዎት ምን ይሏታል?»

«ትሰማኛለች እንጂ። ያቺ በሩ ጋ የቆመችው ናት።»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ሰምሃል ወደ በሩ ዞረች። ለመውጣት አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የቀራት፤ ግን አንዲት አስተናጋጅ ማይኩን ይዛ ደርሳ ነበር፤ ተቀበለችው። ለምን እንደተቀበለች ኋላም ለኢኽላስ ማስረዳት አልቻለችም።

«እኔ...» አለች። ማይኩ ጮኸ። «እኔ ትዳር አልፈልግም ብዬ አላውቅም። አንድን ሰው አላገባም ብያለሁ። ሌላው ጊዜ ዝም ብሎ አለፈ። ማለቴ... ሥራ ነበረ፣ ሌላ ሌላም ነገር ነበረ።»

«ስለዚህ በራስሽ ምርጫ ነው» አለች ጠበቃዋ ሂባ ከመድረኩ፣ ልትረዳት።

«ምርጫም ብቻ አይደለም። አንዳንድ ቀን ይከፋኛል። አንዳንድ ቀን ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ደስ ይለኛል። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የሚሆነው። የትኛውን ልንገራችሁ?»

ማንም አላጨበጨበም። የሚቀጥል መስሏቸው ጠበቁ፤ እሷ ግን የምትጨምረው አልነበራትም። ማይኩን መልሳ ወጣች።

እናቷ መንገድ ላይ ደረሱባት። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ቁልቁል ሄዱ፤ ሰምሃል እየቸኮለች፣ ወይዘሮ ለተገብርኤል እያለከለኩ።

«ቀስ በይ። ጉልበቴን አታውቂውም?»

ቀስ አለች።

«ለምንድን ነው ተስፋለምን የተውሽው?» አሉ እናቷ። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ጠይቀዋል፤ እንዲህ እየተራመዱ ግን ጠይቀው አያውቁም። ፊት ለፊት ስላልነበሩ ይሁን፣ ወይም ሰምሃል ቀድማ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተናግራ ስለነበር፣ መለሰች።

«የምንገባበትን ቤት ሊያሳየኝ ወሰደኝ፤ ታስታውሻለሽ? ጥሩ ቤት ነበር። ሶፋው እዚህ፣ ቴሌቪዥኑ እዚያ፣ የልጆች ክፍል ይሄ እያለ ሲያሳየኝ፣ እኔ ደግሞ በየክፍሉ ስገባ ሰበብ ፈጥሬ እንዴት እንደምወጣ ነበር የማስበው። ዳቦ ልገዛ፣ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም፣ አንቺን ልጠይቅ... ገና ሳልገባ መውጫዬን ስፈልግ ራሴን አገኘሁት። እሱ ምንም አላደረገኝም። ደግ ነበር። ለዚያ ነው ለሰው መናገር ያቃተኝ።»

ወይዘሮ ለተገብርኤል ቆም ብለው ጉልበታቸውን አሹ።

«ይሄ ነው ምክንያቱ?»

«ይሄ ነው።»

«ይሄን ምን ብዬ ለሰው እነግራለሁ?»

«አትንገሪ፣ አደይ!»

እናቷ ከት ብለው ሳቁ። ሰምሃል ግን ገና አልበረደላትም ነበርና አልሳቀችም። ታክሲ አሳፍራቸው እሷ በእግሯ ሄደች።

በሚቀጥለው ሳምንት የአዳራሹ ቪዲዮ ተቆራርጦ ወጣ። አንዱ ገጽ «አንዳንድ ቀን ይከፋኛል» የምትለውን ብቻ ቆርጦ «ላጤዋ በአደባባይ ተጸጸተች» ብሎ ለጠፈው። ሌላው «አላገባም ብያለሁ» የምትለውን ወስዶ፣ ከበሮ ጨምሮበት፣ «የማትበገር ሴት» አላት። በሩን ስትዘጋ ደስ እንደሚላት የተናገረችው የትም አልወጣም። ኢኽላስ ሁለቱንም እያሳየቻት ሳቀች፤ ሰምሃል ግን ለብዙ ቀን በየታክሲው ፊቷን በሻርፕ እየሸፈነች ተመላለሰች። ከአለቃዋ ጋር ተጋጨች። ጎተራንም ልለቅ ነው ብላ አየር ጤና ድረስ ቤት አየች፤ ወደደችው፤ ግን ሳትይዘው ተመለሰች።

አንድ እሑድ ወይዘሮ ለተገብርኤል ከቅዳሴ በኋላ ሳይነግሯት ጎተራ መጡ። ልጃቸው እዚያ ከገባች ጀምሮ ቤቱን ረግጠውት አያውቁም። በየፎቁ እያረፉ አራቱን ወጡ፤ ገብተው ዙሪያውን አዩ፤ መጋረጃው አጭር ነው አሉ፤ ውሃ ጠጡ። ከዚያ ተነስተው ወጡና የጎረቤቶቹን በር ማንኳኳት ጀመሩ።

«አደይ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

ከፊት ለፊት ያለውን በር የከፈተችው ሸዋአየሁ የምትባል፣ ዕድሜዋ ከአርባ ያለፈ ሴት ናት። ከሰምሃል ጋር ደረጃ ላይ ከመተላለፍ በቀር ተነጋግረው አያውቁም።

«የሰምሃል እናት ነኝ» አሉ ወይዘሮ ለተገብርኤል። «እባክሽ ልጄ፣ ሁለት ቀን ካላየሻት አንኳኪልኝ።»

«አደይ! አልሞትኩም እኮ!»

«ደህና እያለሽ ነው እንጂ የሚነገረው» አሉና ወደ ቀጣዩ በር አለፉ። ሰምሃል ኮሪደሩ ላይ ተገትራ ቀረች፤ እናቷ በየበሩ ስሟን ሲጠሩ ይሰማታል፤ ልትጎትታቸውም ልታቅፋቸውም እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

ሸዋአየሁ ሁለት ቀን አልጠበቀችም። በማግስቱ ሰምሃል ከሥራ ገብታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጫማዋን ሳታወልቅ መልሳ ልትወጣ ስትል በሩ ተንኳኳ። አስገባቻት። ሻይ አፈላች። ሸዋአየሁ ቤቱን በዓይኗ ዞረችና ገና የመጀመሪያውን ጉንጭ ሳትውጥ ጠየቀች።

«ቆይ፣ ለምን አላገባሽም?»

ሰምሃል የለመደችው ቁጣ እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም።

«አላውቅም» አለች።

«እሺ» አለች ሸዋአየሁ። ስኳር ጨመረች፤ አማሰለች። «ነገ ውሃ ይጠፋል ብለዋል፤ በርሜልሽን ዛሬ ሙይ።»

ሻዩን ጠጥተው ሲጨርሱ ሰምሃል በርሜሉ ላይ ቧንቧውን ከፈተች። እስኪሞላ መቆም ግን አልቻለችም፤ ሸዋአየሁን አይተሽ ዝጊልኝ ብላ ቁልፉን ሰጠቻትና፣ ወደ የት እንደምትሄድ ሳታውቅ ደረጃውን ወረደች።